ባሕር ዳር ላይ ለሚገነባ ተቋራጭ፦ አጥር አጥሮ ወይስ ከሰፈሩ ጋር መክሮ?

ዘንዘልማ አካባቢ መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ሠራተኛውንም ጥበቃውንም ከሌላ ቦታ አምጥቶ፣ ቆርቆሮ አጥሮ መሥራት ይችላል። የለመደ ቡድን ስለሆነ ሥራው ቶሎ ይጀመራል። ይህ ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ክረምት አያልፍም።

ሌላው መንገድ ከእድር ዳኞችና ከአርሶ አደሮች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። አጀማመሩ ይዘገያል፣ ስብሰባው ያሰለቻል። ትርፉ ግን መሬት ላይ ይታያል። በጣና ዙሪያ በብዛት ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የአፈር ምርመራ የግድ ነው፤ ሆኖም በየካቲት ናሙና የወሰደ ባለሙያ የሐምሌ ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ አያይም። ማሳው ላይ የኖረ ገበሬ ግን «ውኃው እዚህ ጋ ይተኛል» ብሎ በዱላው ያሳያል። ቱቦው የት እንደሚቀበር ለመወሰን ይህን የመሰለ መረጃ የለም።

የሰፈሩ ልጆች በሚሠሩበት ሳይት ሲሚንቶና ፌሮ ተሰርቆ ሲወጣ ጎረቤቱም ዝም አይልም። የመሬት ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ የመንግሥት ጉዳይ ቢሆንም፣ ቅሬታ ሲነሳ ኤክስካቫተሩ የሚቆምበት ተቋራጩ ነው። አስቀድሞ የተዋወቀ ግን ሽማግሌ ልኮ ይነጋገራል።

ለአጭር የጥገና ሥራ የመጀመሪያው ይበቃል። ክረምት ለሚያሳልፍ ፕሮጀክት ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።