ኦርጂናል 64 ጂቢ ካርድ ወይስ ፎርጂድ 128? ሮው ፎቶ ሲበላሽ ብራችሁን የት ታወጣላችሁ

ከጥር ሰርግ በኋላ ከደብረ ማርቆስም ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም የሚደውሉልኝ ፎቶ አንሺዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሮውን ወደ ዲኤንጂ ስቀይረው ግማሹ ሐምራዊ ሆነብኝ። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» ሮው ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ ነው፤ ዲኤንጂ ደግሞ አዶቢ ያወጣው የጥሬ ፎቶ ፋይል ዓይነት። ሶፍትዌር አትግዙ። የአዶቢ ዲኤንጂ ኮንቨርተር በነፃ ይወርዳል፤ እኔም የምሠራው በእሱ ነው። ብሩን ለኦርጂናል የካሜራ ሚሞሪ ካርድ አውጡት።

ይህን ያወቅሁት በሰው ሰርግ ላይ ነው። ሁለት ካርድ ቀረበልኝ፤ ኦርጂናል 64 ጂቢ በ2,600 ብር፣ ያንኑ ስም የታተመበት 128 ጂቢ ደግሞ በ900። አንዱ ጂቢ 40 ብር፣ ሌላው 7 ብር ማለት ነው። የ900ውን ገዛሁ። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስገለብጠው መጀመሪያ ያነሳኋቸው 300 ያህል ፎቶዎች ደህና ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገሚሱ ተቆራርጧል፣ ገሚሱ አልከፈትም ብሏል። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ያነሳሁት አንድም አልተረፈም።

በኋላ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ መፈተሻ ካርዱን ሞልቼ ሳስነብበው እውነተኛ ልኩ 8 ጂቢ ሆኖ ተገኘ። የካኖን 6ዲ አንድ ሮው 25 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 300 ላይ መገታቱ ለዚህ ነው። ስለዚህ ርካሹ ጂቢ 112 ብር ወጣብኝ። ለሰርጉ የተቀበልኩትን 8,000 ብር ስመልስ ደግሞ ካርዱ 8,900 ብር ፈጀ። የጠፋ ፋይል በሚመልሰው ፎቶሬክ በሚባል ሶፍትዌር ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁ። የተሰረዘ ፋይል ይመለሳል፤ ያልተጻፈ ከየት ይመጣል?

ብዙዎች ኮንቨርተሩን የሚወቅሱበት ምክንያት አለ። ሮው ፋይል በውስጡ ትንሽ ማሳያ ፎቶ (ጄፔግ) ይዟል፤ ካሜራውም ፎልደሩም የሚያሳያችሁ እሷን ነው። እሷ ደህና ሆና ዋናው ዳታ ሊበላሽ ይችላል። ኮንቨርተሩ ግን ዋናውን ዳታ ስለሚያነብ ጉዱ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ለመለየት ካርዱን ፎርማት ሳታደርጉ በሌላ ሪደር (ካርድ ማንበቢያ) እንደገና ገልብጡና ቀይሩ። ያው ፎቶ እዚያው ቦታ ላይ ከተበላሸ ችግሩ ካርዱ ላይ ካለው ፋይል ነው። በየጊዜው ሌላ ሌላ ፎቶ ከተበላሸ ሪደሩን፣ ገመዱን ወይም የላፕቶፑን ራም ጠርጥሩ። እኔ በ150 ብር የገዛሁት ሪደር ሲነካ ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር፤ የ700ው እስካሁን አላስቸገረኝም።

ዲኤንጂ ውስጥ የሚቀመጥ መቆጣጠሪያ ቁጥር አለ፤ ላይትሩም የሚባለው የአዶቢ ፎቶ ማስተካከያ በእሱ ፋይሉ ከተቀየረ በኋላ መበላሸት አለመበላሸቱን ያረጋግጣል። ሲቀየር ተበላሽቶ የገባውን ግን ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ፎቶውን በሙሉ መጠኑ ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን ሮው አትሰርዙ።

ኦርጂናል የተባለውንም ቢሆን ዛሬ ሳልፈትሽ ሥራ ላይ አላውለውም። 64ቱን ሞልቶ ማስነበብ በአሮጌ ላፕቶፕ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከመክፈሌ በፊት ሻጩን «ልኩ ካነሰ ትመልስልኛለህ?» እለዋለሁ፤ እሺ ካላለ 2,600ውን ይዤ ወደሚቀጥለው ሱቅ እሄዳለሁ።