«ሞተሩ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ የትኛውን ስፒና እንደሰኩ እዩ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ቤዝመንቱ ራሱ ገና አልደረቀም፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ቤዝመንታችሁ ስር ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ያላችሁ ሰዎች ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት።

እነዚህን የፓምፕ ጠጋኞች ታውቋቸዋላችሁ። ስትደውሉ «አሁኑኑ እንደርሳለን» የሚሉት፣ ገና ጉድጓዱን ሳያዩ አዲሱን ፓምፕ ከነካርቶኑ መኪናቸው ላይ ጭነው የሚመጡት። እኔም ሰው ሲማረርባቸው ሰምቼ አውቃለሁ፣ ግን ውሃ ከስር እየመጣ ሰው አያስብም፣ ቶሎ የሚመጣውን ነው የሚጠራው።

የኔ ፓምፕ ስድስት ዓመት ያለምንም ችግር ሰርቷል። ውሃው ከፍ ሲል ፍሎቱ፣ ማለት ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ማብሪያ ማጥፊያ፣ አብሮ ይነሳና ፓምፑን ያስነሳዋል፣ ውሃው ሲወርድ ያጠፋዋል። አንድ ጠዋት ወርጄ ሳይ ውሃው የጉድጓዱ አፍ ጋ ደርሷል፣ ፓምፑ ጭጭ። ደወልኩ፣ መጡ፣ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ወጣት ነው ዕቃ የሚያቀብል፣ አንዱ ዋናው።

አሁን ይሄን ልብ ብላችሁ አንብቡት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ላይ ሲመላለስ ያደረው ይሄ ነው። የኔ ፓምፕ ሁለት ስፒና ነው ያለው። የፍሎቱ ስፒና ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የፓምፑ ስፒና ደግሞ በፍሎቱ ስፒና ጀርባ ላይ ይሰካል፣ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት። ፍሎቱ ሲነሳ መብራቱን ለፓምፑ ያሳልፍለታል ማለት ነው። ሰውየው ሁለቱንም አንድ ላይ ነቀላቸው፣ በእጁ ለያያቸው፣ የፓምፑን ገመድ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለው፣ የፍሎቱን ስፒና ብቻ መልሶ ሶኬቱ ላይ ሰካ። ከዛ ጎንበስ አለና ፍሎቱን በእጁ ወደላይ ያዘው። «እናቴ ይስሙት፣ ድምፅ አለው?» አለኝ። እኔም ጠጋ ብዬ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፣ «የለውም» አልኩት። በገዛ አፌ። «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይሄ አይጠገንም» አለ። ያ ገመድ እኮ ፊቴ ተንጠልጥሏል! የፓምፑ ስፒና ምንም ነገር ላይ ሳይሰካ እያየሁት ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም፣ አልጠየቅኩምም። ወጣቱ ልጅ ያኔ አንገቱን ደፍቶ ሳጥን ሲጎረጉር ነበር፣ አሁን ሳስበው ልጁ ያውቅ ነበር።

ወረቀት አወጣ፣ «ፓምፑ በደንበኛው ፊት ተፈትሾ እንደማይሰራ ተረጋግጧል» ይላል፣ ፈረምኩ። አሮጌውን «እኛ እንጥልልዎታለን፣ አይድከሙ» ብሎ ይዞት ሄደ፣ እኔ ደግሞ በር ድረስ ሸኝቼ አመሰገንኩት። ይሄ ነው ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ።

አዲሱን ሲገጥም ከቧንቧው ላይ አንድ ዕቃ ቆርጦ ሲያወጣ አይቼ ምንድነው ስለው «አርጅቷል፣ ይሄኛው አያስፈልገውም» አለኝ። ቼክ ቫልቭ ነበር። ውሃው ወደላይ ካለፈ በኋላ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ስለሌለ ፓምፑ ገፍቶ አስወጥቶ በቆመ ቁጥር ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ፍሎቱን ያነሳዋል፣ ፓምፑ እንደገና ይነሳል። ቀን ከሌት ሲነሳ ሲጠፋ እሰማው ነበር፣ እኔ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ አዲስ ስለሆነ ነው እል ነበር። ሞተር ደግሞ በተነሳ ቁጥር ትንሽ ይወራጫል፣ ከስሩ ጠጠር ላይ ዝም ብሎ ነው ያስቀመጠው፣ እየዞረ እየዞረ ሄዶ ፍሎቱ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ወጣ፣ ፍሎቱ ግን ተይዟልና አልተነሳም። ስነቃ ሶስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል። የልጆቼ የልጅነት ፎቶ ያለበት ሳጥን ከታች ነበር።

ያህቴ ልጅ ኤሌክትሪክ እየተማረ ነው፣ እሱን ጠራሁት። መጀመሪያ ብሬከሩን ላይ ቤት ሆኖ አጠፋ፣ እኔንም ውሃው ውስጥ እንዳልገባ ከለከለኝ። በእንጨት ፍሎቱን ከግድግዳው አላቀቀውና መብራቱን መልሶ ሲያበራ ፓምፑ ተነሳ፣ ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ውሃው ከወረደ በኋላ «አክስቴ፣ አሮጌውን እንዴት ነበር የፈተሹት?» አለኝ። እንዳየሁት ነገርኩት። ልጁ ምንም አላለም። ሄዶ የአዲሱን ፓምፕ ሁለት ስፒና ነቀለ፣ የፍሎቱን ብቻ ሶኬቱ ላይ ሰካ፣ ፍሎቱን በእጁ አነሳው። ጭጭ። ያው ጭጭታ፣ ያው እኔ ቆሜ የሰማሁት! ሲሰራ የነበረ ፓምፕ! ከዛ የፓምፑን ስፒና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሲሰካው ወዲያው አጓራ። እዛው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጠዋት ሱቃቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን ሳታስቀምጥ «ማዘር፣ እርሶ ፊት አይደል የተፈተሸው? ፈርመዋል እኮ» አለችኝ። ስለ ሁለቱ ስፒናዎች ላስረዳት ስሞክር ከኋላ ያለው ሰው ሳቀ። አሮጌው ፓምፔ የት ነው ስላት «ተጥሏል»። ዋራንቲውስ ስል ፍሎቱን በእንጨት ስለነካነው «ከባለሙያ በቀር ማንም ያልነካው መሆን አለበት» አለችኝ። እንግዲህ ውሃው ሶስተኛው ደረጃ ላይ እያለ ባለሙያ ልጠብቅ? ቼክ ቫልቩንስ ማነው ቆርጦ የወሰደው?

አሮጌው ምን እንደነበረበት መቼም አላውቅም። ያህቴ ልጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ፍሎቱ ነው፣ የሱ ስፒና ለብቻው ስለሆነ ደግሞ ፓምፑን ሳይነኩ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል ይላል። ያ ከሆነ ትንሽ ዕቃ ገዝቶ በደቂቃዎች የሚያልቅ ስራ ነበር ማለት ነው።

ባጭሩ፣ ፓምፓችሁ ዝም ካለ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ እያለ፣ የቆማችሁበት መሬት ደግሞ ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ የፓምፑን ስፒና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ለጥቂት ሰከንድ አዳምጡት፣ ከተነሳ ሞተሩ አልተቃጠለም። አዲስ ሲገጠምላችሁ ደግሞ ቼክ ቫልቩ መኖሩን እዩ፣ ከስሩ ጠጠር ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጡብ ይደረግበት፣ ፍሎቱ ሲነሳና ሲወርድ ምንም እንደማይነካ አረጋግጡ፣ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ አስደፍታችሁ በራሱ ሲነሳና ሲቆም ሳታዩ አትፈርሙ። አሮጌውን አትስጧቸው፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ። የኔ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሶኬታቸው ላይ እሰካው ነበር።