የናሳ የማርስ ጥሬ ፎቶዎች ገጽ፦ ነፃ ነው፣ ቀለሙን ግን አትመኑ

በማርስ ላይ የሚንቀሳቀሱት ሮቦት ተሽከርካሪዎች (ሮቨሮች)፣ ኪዩሪዮሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከጌል ጉድጓድ፣ ፐርሲቪራንስ ከ2021 ጀምሮ ከጄዜሮ ጉድጓድ የሚልኳቸውን ፎቶዎች ናሳ እንደመጡ በድረ ገጹ ይለጥፋቸዋል። ምዝገባም ክፍያም የለም። ተመርጠው ከተዋቡት የዜና ፎቶዎች ይልቅ ስለ ማርስ ገጽታ ብዙ የሚናገረው ይሄ ክምችት ነው። ችግሩ፣ ለጀማሪ መንገድ የሚያሳይ ነገር የለውም።

ለሙከራ በኪዩሪዮሲቲ ገጽ ላይ ሶል 39ን አስገቡና የቀኙን ማስትካም (የሮቨሩን የምሰሶ ካሜራ) ምረጡ። (ሶል የማርስ ቀን ነው፤ ከእኛ ቀን በ39 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይረዝማል።) ሆታህ የተባለው ዓለት ይመጣል። ከውስጡ ያፈጠጡትን ጠጠሮች አጉልታችሁ እዩ፤ ጠርዛቸው ተሞርዶ ክብ ሆኗል። ይህን የሚያህል ጠጠር ነፋስ ተሸክሞ አይወስደውም። ተመራማሪዎቹ እዚያ ቦታ ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ የሚደርስ ውሃ ይወርድ ነበር ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

ደብዛዛ ፎቶ ካጋጠማችሁ ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ሮቨሩ ድንክዬውን ቅጂ ያስቀድማል፤ ሙሉው በማርስ ዙሪያ በሚዞሩ መንኮራኩሮች በኩል ዘግይቶ ይደርሳል። የፐርሲቪራንስ ናቭካም (የመንገድ መሪ ካሜራው) ደግሞ ሙሉ ፎቶው 5120 በ3840 ፒክስል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፤ መገጣጠሙ የእናንተ ሥራ ነው። በጥቁርና ነጭ የማስትካም ፎቶ ላይ የዳማ ሰሌዳ የሚመስል ደቃቅ ንድፍ ካያችሁ አፈሩ አይደለም፤ ሴንሰሩ ላይ ያሉት የቀለም ማጣሪያዎች አሻራ ነው፣ ገና ወደ ቀለም አልተቀየረም።

ትልቁ ወጥመድ ቀለሙ ነው። በማርስ አየር ላይ የተንሳፈፈው አቧራ የብርሃኑን ቀለም ስለሚለውጠው ጥሬው ባለቀለም ፎቶ ቡናማ ቢጫ ይመስላል። ጂኦሎጂስቶች ዓለቱን በምድር ብርሃን ቢያዩት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ነጩን ያስተካክላሉ፤ ያኔ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ግራጫው ዓለትም ይለያል። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የቀለም ማጭበርበር» የሚል ሰው በየጊዜው አይጠፋም! ሮቨሩ ላይ የቀለም ማመሳከሪያ ሰሌዳ የተገጠመው ለዚሁ እርማት ነው።

ሌላው ጉድለት መለኪያ አለመኖሩ ነው። የኪዩሪዮሲቲ ጎማ በፎቶው ውስጥ ካለ 50 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትሩን ተጠቀሙ፤ የመሰርሰሪያው ቀዳዳ ደግሞ 1.6 ሴንቲ ሜትር ነው። በቀኙ ማስትካም ርቀቱን በሜትር ካወቃችሁ በ0.074 አባዙት፤ የአንድ ፒክስል ስፋት በሚሊ ሜትር ይወጣል። 3 ሜትር ላይ ያለ ድንጋይ 0.22 ገደማ ይሰጣል፤ ደቃቅ አሸዋን ከዚያ ርቀት ለመለየት አይበቃም።

ለማየትና ለማስተማር ከዚህ የተሻለ የለም። ለመለካትና ቀለም ለማነጻጸር ግን በጄፔግ የተጨመቀው ፎቶ አያዋጣም። ተስተካክሎ ከወራት በኋላ በናሳ የፕላኔቶች መረጃ ማኅደር የሚወጣውን ቅጂ ጠብቁ፤ ፋይሎቹን ተራ የፎቶ መክፈቻ ላይከፍታቸው እንደሚችል አስቀድማችሁ እወቁ።