ጣቱ ገና ነው፦ ሐዋሳ ውስጥ ልጆቻችንን ለያዙልን እናት ምስጋና

ሐዋሳ ውስጥ የልጅ ማቆያ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ትንሽ ረዘም ትላለች።

ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ወልዳ ፈቃዷ ሲያልቅ ጭንቅ ውስጥ ገባን። ሕጉ የሚሰጠው 120 ቀን ነው። 30ው ከወሊድ በፊት ስለሚያልቅ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጅቷ ገና ሦስት ወሯ ነበር። ትልቁ ሦስት ዓመት ተኩል። የቤት ሠራተኛ ፈለግን፣ ደላላ ለመንን፣ አልተገኘም።

ትልቁን ቀደም ሲል አንድ ቦታ አስገብተነው ነበር። ስሙን ልለፈው። ጠዋት ስናደርሰው ካርቱን ተከፍቷል፤ ማታ ስንወስደውም ያው ካርቱን። በዚያ ላይ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል፦ «ሀ»ን አንድ ገጽ ሙላ። በሦስት ዓመቱ! እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ እያለቀሰ ይጽፋል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እቆጣዋለሁ።

አሁን የሚውሉበትን ቤት የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ከታቦር ተራራ ወዲህ ነው። የሚይዙት ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናቸው። ልጆቹ «እማማ» ይሏቸዋል፤ እኛም ተከትለን እንደዚያው። ግቢው ጠባብ ነው፣ የሚያብረቀርቅ መጫወቻ የለም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳየው ልቤ አልወደደውም።

በሁለተኛው ሳምንት ልሟገታቸው ሄድኩ። ልጄ ሊጥ ሲያድቦለቡል፣ ባቄላና ሽምብራ ሲለይ ነው የሚውለው። «እማማ፣ መጻፍ የሚጀምረው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ስማ ልጄ፣ ጣቱ ገና ነው» አሉኝ። «በሦስት ዓመቱ ክብ ከሳለልህ ጎበዝ ነው። መስቀል በአራት፣ ሦስት ማዕዘን በአምስት ግድም ይመጣል። ሦስት ማዕዘን ያልቻለ እጅ እንዴት ብሎ ‹ጨ›ን ይጻፍ? አንደኛ ክፍል እኮ በሰባት ዓመት ነው። ምን አስቸኮለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሊጡ ለካ ለጣቱ ነው።

ባቄላው ታዲያ ትንንሾቹ ያሉበት ክፍል ዝር አይልም። እማማ ያለቀ የሶፍት ጥቅል ካርቶን አላቸው። በእሱ ቀዳዳ ያለፈ ነገር ሁሉ ሦስት ዓመት ላልሞላው አይሰጥም። አንድ ቀን አማቴ ለትልቁ በቦርሳው ቆሎ ከተቱለት። ማታ ቆሎው በላስቲክ ተቋጥሮ ተመለሰ። «ለአያትየው አመሰግናለሁ በልልኝ፤ ቆሎና ለውዝ ግን ትንሽ ልጅ ያንቃል» ብለው። አማቴ ሳምንት አኮረፉ።

ልጅቷን ደግሞ ነቅታ ባለችበት ሰዓት በየመሃሉ በሆዷ ያስተኟታል። ራሳቸውም ፊት ለፊቷ ምንጣፉ ላይ ተኝተው «ኩኩሉ» ይሏታል። እንቅልፍ ሲመጣ ግን በጀርባዋ ነው። ቴሌቪዥን የለም። ግትርነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም እሳቸውን ነው የሚደግፈው። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ ይላል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ስክሪን አይመከርም፤ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ላለው ከአንድ ሰዓት አይለፍ።

ክረምት ላይ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «የሕፃን ቦታ አልሄድም» ብሎ ተኮሳተረ። እማማ ገበጣ አስተማሩትና «በል አሁን እነዚህን አንተ አስተምር» ብለው የስድስት ዓመቶቹን ሰጡት። በሳምንቱ «ሥራ አለብኝ» እያለ ቀድሞን ይወጣ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወሰዷቸው። አራት ዓመት የሞላቸውን ብቻ፣ ለሁለት ልጅ አንድ ወላጅ ተመድቦ። የውሃ ዳር ነዋ! ዓሣ ሲጸዳ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከበው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ቆጠሯቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደነሱ ተንጎማለሉ። የኔው፣ ያኔ አራት ሞልቶት ነበር፣ እስካሁን ቤት ውስጥ እንደዚያ ነው የሚሄደው።

እንከን የለውም አልልም። 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ ቁጣ አለ፤ ባጃጅ አጣሁ ብትሉ አይሰሙም። ልብሱም ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመጣል። ነጭ አታልብሱ።

እማማ፣ ስልክ ላይ ማንበብ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ልጅዎ ያነብልዎታል። እግዜር ይስጥልኝ። እኔንም አብረው አሳድገውኛል።

አድራሻቸውን በአደባባይ አትጻፍ ስላሉኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ የልጁን ዕድሜ በወር አስልታችሁ ሂዱ። ከስሙ በፊት የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።