የአባዬ ቮልስ ሞተሯን ሳትቀይር ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ተቀይሮ ተመለሰች (ምስጋና እና ጥቆማ)

መካኒኩ ጋሼ «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪ፣ ያለው ሥራም አላስቀመጠኝም» ብለውኛል። ስለዚህ ስም የለም። ምስጋናው ግን አይቀርባቸውም።

መኪናዋ በአውሮፓውያን 1963 የተሠራች ቮልስ ናት። ሞተሯ ያው አብሯት የመጣው 1192 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ነው። ከዲናሞው እግር ሥር የተመታው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ይህንን ማሳየት ይወዳል።

ችግሩ ሞተሩ አልነበረም። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ሁለተኛ ማርሽ ይተፋል፤ በራሱ ይወጣል። ከእንጦጦ ስወርድ በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው ማርሹን አንቄ ነበር። አንደኛ ማርሽ ካልቆምኩ አይገባም፤ ቆሜም ቢሆን በልመና ነው። በ6 ቮልት የሚዞረው ሞተሪኖ (ማስነሻው) ደግሞ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ያቃስትና ይተወዋል። የሰፈራችን ልጆች ገና ቁልፍ ይዤ ስወጣ ከኋላ መሰለፍ ጀምረው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ካምቢዮው ውስጥ 140 ቁጥር ወፍራም ዘይት ሞልቶ ሸኘኝ። ጩኸቱ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ማርሹ ግን ጠዋት ላይ የቀዘቀዘ ገንፎ እንደማማሰል ሆነ። ሌላ ቦታ ደግሞ «እህቴ፣ ይሄን አውጪና የጃፓን ሞተር ከነካምቢዮው አስገቢበት፣ ትገላገያለሽ» አሉኝ። ሞተር ከተቀየረ የሊብሬው ቁጥር አይገጥምም፣ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ነው። ለአባዬ ነገሩን ሳነሳበት «ሞተሩ ከወጣ እኔም ከቤት እወጣለሁ» አለ። በዚሁ ተዘጋ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በአንድ የድሮ ታክሲ ነጂ ጠቋሚነት ነው። ጋራዣቸው ጎፋ አካባቢ ነው፤ ጠባብ ናት፣ ሁለት መኪና ከገባ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያ ቀን ምንም አልፈቱም። «ንጂኝ እስቲ ልጄ» አሉና አጠገቤ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ማርሹ ላይ አሳርፈው ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርን። ስንመለስ «ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ አልነካውም። ሥራው ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው ነው» አሉኝ። ሐሳባቸው ካምቢዮውን በኋለኛው፣ በ12 ቮልት ዘመን ካምቢዮ መተካት፣ 180 ሚሊሜትር የነበረውን ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚለያየውን) ባለ 200 ማድረግ፣ ኤሌክትሪኩንም ወደ 12 ማዞር ነበር።

አብረን አሮጌ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሁለት ካምቢዮ ተገኘ፤ አንዱ ከባለ 1500 ሲሲ ቮልስ፣ ሌላው ከባለ 1300 የወረደ። እኔ አንዳንድ ነገር አንብቤ ስለነበር ባለ 1500ውን ያዝኩ፤ በረጅም መንገድ ሞተሩን አያስጮኽም ይባላል። ጋሼ የጎኑን ክዳን አስፈትተው ጎማውን የሚያዞረውን የትልቁን ማርሽ ጥርስ ቆጠሩ። ባለ 1500ው 33፣ ባለ 1300ው 35፤ ትንሿ በሁለቱም 8 ናት። «በ33ቱ ሞተሩ የሚያርፈው ከመቶ ዙር ስድስት አይሞላም። ለዚያች ብለሽ ዳገት ላይ ታለቅሻለሽ» አሉኝ።

«34 ፈረስ ጉልበት አለው እኮ» አልኩ።

«እሱ ባሕር ዳር ላይ ነው።»

«ባሕር ዳር ይዣት ሄጄ አላውቅም።»

ሻጩ ሳይቀር ሳቀብኝ። «ከተማዋን አይደለም ልጄ፣ ጨው ውሃው ዳር፣ ምጽዋ ማለቴ ነው። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ሩብ ያህሉን ጉልበት አዲስ አበባ በልታዋለች። ሞተሩን ካልቀየርሽ ማርሹ ለሞተሩ መታዘዝ አለበት።» ባለ 1300ውን ይዘን ተመለስን። ያውም በርካሽ።

ሞተሩን ለማውረድ 40 ደቂቃ አልፈጀባቸውም፤ ከካምቢዮው ጋር ያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። እኔን ያሳመነኝ ግን ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ሲገባ ያየሁት ነው። ትልቁ ፍሪሲዮን ትልቅ ቮላኖ ይፈልጋል፤ ቮላኖ ሲቀየር ደግሞ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስባት ክፍተት ትለወጣለች። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለባት። ይህንን ዘለው የሚያጠብቁ ብዙ ናቸው፤ ስህተቱ ሞተሩን ከውስጥ ሲበላው ቆይቶ ነው የሚታወቀው። ጋሼ ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) እየቀያየሩ፣ ባለ መርፌ መለኪያቸውን ደቅነው፣ ሙሉ ከሰዓት በኋላ እዚያው ላይ ዋሉ። አራት ጊዜ አስገብተው አራት ጊዜ ፈቱት። 0.10 ላይ ሲያርፍ «በይ አሁን ቡና አስመጪ» አሉ። የመሃሉን ብሎን ሲያጠብቁ መፍቻው ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ሰክተው ጫፉን 30 ኪሎ ያህል መጫን ነበረባቸው፤ ረዳታቸው ቮላኖውን በብረት ቆልፎ ይዞ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር።

ከአሮጌው ያስቀሩትም አለ። ሰሚያሶቹ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) የራሳችን ናቸው፤ የኋለኞቹ ስለሚረዝሙ ጎማው ከፓራፋንጎው ይወጣል ብለው። ካምቢዮውን ከፍተው ያረጁ ኩሽኔታዎችና የማርሽ ቀለበቶች ቀየሩ፣ ዘይቱንም 90 ቁጥር፣ ጂኤል 4 የሚለውን አስገዙኝ። ከወለሉ ሥር የማርሹን ዘንግ የሚይዘው ትንሽ ፕላስቲክ ቦኮላ ዱቄት ሆኖ ነበር። ለስንት ዓመት ማርሹ ወጥ እንደሚያማስሉበት ሲንገላታ የነበረው ግማሹ በእሷ ነው። የኤሌክትሪኩን ሥራ ልጃቸው ሠራው፤ ዲናሞ፣ ኮይል፣ አምፖሎች፣ ጡሩምባ፣ ሁሉም 12 ሆኑ። የዝናብ መጥረጊያው ግን አሁንም አንዳንዴ መሃል መስታወት ላይ ቀጥ ይላል። ተመልሼ እወስዳታለሁ።

ነቀፌታም አለኝ፤ ካልተናገርኩ ማስታወቂያ ይመስላል። ሦስት ሳምንት ያሉት አምስት ሆነ። ስልክ አያነሱም፣ ጭራሽ። ሥራው ምን እንደደረሰ ለማወቅ በአካል መሄድ ነበረብኝ። የሄድኩ ቀን ደግሞ ፋኖስ ያዢ ይሉኛል።

የእጅ ዋጋቸው 38 ሺህ ብር ነበር፣ ዕቃው ለብቻው። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ሁሉ በካርቶን አድርገው መለሱልኝ፤ አባዬ አልጋው ሥር አስገብቷቸዋል።

ስረከባት በቀጥታ እንጦጦ ወጣሁ። ስወርድ ሁለተኛ ላይ አስገብቼ እጄን ከማርሹ አነሳሁ፤ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ከዚያ ዝም ብዬ። አልተፋም። በማግስቱ እሁድ አባዬን ይዤ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ሄድን። ስንመለስ ያ ረጅም ሽቅብ ሲመጣ 80 ላይ በአራተኛ ማርሽ ይዛው ወጣች። ባለ 33 ጥርሱን ገዝቼ ቢሆን ሦስተኛ ላይ እያስጮኽኳት እንደምመጣ ያኔ ገባኝ። አባዬ ዱከም እስክንደርስ አልተናገረም። ከዚያ «ሞተሩ ያው ነው አይደል?» አለ። ቤት ስንደርስ ክዳኑን ከፍቶ ቁጥሩን አየ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ቮልስ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ መኪናዋን ሳታጥቡ ውሰዷት፤ ዘይት የሚያፈስበትን ማየት ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት አይሠሩም። «ሞተሩን እንቀይረው» ብላችሁ ግን እንዳትጀምሩ፣ ቡናውን ሳይጨርሱ ነው የሚሸኟችሁ።