ቡና ስንቆላ የማይጮኸው እሳት ማጥፊያችን

ለንደን ውስጥ ሎፍት (ከጣሪያው ሥር ያለውን ቦታ ክፍል አድርጋችሁ) ልታሠሩ ያሰባችሁ ሰዎች ይቺን አንብቡልኝ። እኛ ቤት ኪችኑና ሳሎኑ አንድ ክፍል ነው፤ ደረጃውም የሚወርደው እዚያው መሀል ነው። ሎፍቱን መኝታ ቤት ልናደርገው ስንል የቢልዲንግ ኮንትሮሉ ሰውዬ፣ ማለት ግንባታው ደንቡን መጠበቁን የሚያየው፣ "ምድጃው ጋ እሳት ቢነሳ ላይ የተኛው ሰው በየት ይወጣል?" አለን። ወይ ደረጃውን በግድግዳና እሳት በሚቋቋም በር ዝጉት፣ ወይ እሳት የሚያፍን ነገር አስገቡ። ባለቤቴ "ሳሎኔን ኮሪደር አላደርግም" ብላ እምቢ አለች። በዚህ ምክንያት የውሃ ጉም የሚረጨውን አስገባን፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

እኔ ስፕሪንክለር፣ ያ እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚያወርደው፣ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ነገር ነው። የመኖሪያ ቤት ስፕሪንክለር በደቂቃ 60 ሊትር ገደማ ያወርዳል፤ የእኛው 6 ሊትር ገደማ ነው። በ6 ሊትር እሳት ይጠፋል እንዴ? ነገሩ ያለው ጠብታው ላይ ነው። አንዲት 1 ሚሊ ሜትር ጠብታ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብትበታተን 1,000 ጠብታ ይወጣታል፤ ውሃው ያው ነው፣ ሙቀቱን የሚነካው ገጽ ግን 10 እጥፍ ይሆናል። የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ቸስ ብሎ የለም አይደል? እንደዚያው ነው፤ ወዲያው ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ከውሃው 1,700 እጥፍ ገደማ ቦታ ስለሚይዝ እሳቱ አጠገብ ያለውን አየር ገፍቶ ትንፋሽ ያሳጣዋል።

አሁን የምወድለትን ልንገራችሁ። የሚቀሰቅሰው ጭስ ሳይሆን ሙቀት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ጠቋሚ 58 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚነቃው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችው መርጫ ጫፍ ክፍሉን በሙቀት ዓይኗ ትቃኝና የጋለው ቦታ ላይ ብቻ ትረጫለች። እሁድ እሁድ ቡና ስንቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ኮሪደር ያለው ስሞክ አላርም ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃል፤ ይሄኛው ንቅንቅ አይልም።

ሲፈተሽ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሠራተኛው ጫፏ ላይ ላስቲክ ከረጢት አጠለቀና ለቀቀው። ሲንክ ሥር ያለው ፓምፕ እንደ ላቫጆ ማሽን አጓራ፤ ከረጢቱ ተነፋና ነጭ ጉም ሞላው። ሲያወርደው ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ውሃ አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። አንደኛ ዋጋው፤ ለአንድ ክፍል ከ2,000 ፓውንድ በላይ ከፈልን፣ በየዓመቱ ደግሞ የሰርቪስ አለ። ሁለተኛ፣ ያለ መብራት ፓምፑ አይሠራም። ተራ ስፕሪንክለር የቧንቧ ግፊት ካለ ይበቃዋል፤ ይሄ ግን መብራት ከሄደ ያው የግድግዳ ጌጥ ነው። እዚህ ሰፈር መብራት ብዙም አይጠፋም እንጂ አገር ቤት ቢሆን ያለ ጄኔሬተር አላስበውም። ሦስተኛ የገጠሙልን ሰዎች። ስማቸውን አልጠራም። ሶፋው የት እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ መጽሐፍ መደርደሪያው ጥግ ላይ ተከሉት፤ ጫፏ ክፍሉን ግማሽ ብቻ ነበር የምታየው። የማታየውን ደግሞ አትረጭም። ተመልሰው ሲያነሱት በእነሱ ጥፋት እኛን አስከፈሉን። ገና ሳይበሱ ዕቃችሁ የት እንደሚሆን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ አሳዩአቸው።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር ከርማ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ነጠላዋ እዚያችው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። "ምነው፣ መስቀያ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። አሁን ከሥሯ ቀይ ፕላስተር ለጥፈንባታል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ እውነተኛ መስቀያ አስገባንላት።