የባሕር ዶራዳ ወይስ የእርባታ? አውሮፓ ለምትገዙ

ዓሣ ቤት በረዶ ላይ ሁለት ዶራዳ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሁለቱም በዓይኖቻቸው መካከል ወርቅማ መስመር አላቸው። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ዋጋው ሥር በተጻፈችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ ነው።

ይህን ዓሣ ጣሊያኖች ኦራታ፣ ግሪኮች ጺፑራ ይሉታል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ዴኒስ ብላችሁ ታውቁታላችሁ።

ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው የእርባታ ነው፤ በብዛት የሚያመርቱትም ቱርክና ግሪክ ናቸው። ባሕር ላይ በተዘረጋ የመረብ በረት ውስጥ ያድጋል። ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፣ መጠኑም ለአንድ ሰው ልክ ነው። ስቡ በርከት ስለሚል ምድጃ ውስጥ ቶሎ አይደርቅም። ለአዘቦት እራት እኔም የምገዛው እሱን ነው።

ከባሕር የሚጠመደው ከጠቅላላው ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው ያለው። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚያጠምዱት በተለይ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስፔንና ግሪክ ናቸው። ዓሣው ዛጎልና ሸርጣን በመንጋጋው እየፈጨ ስለሚኖር ሥጋው ጠንከር ይላል፣ ስቡም ያንሳል። እኔ የምመርጠው የፈረንሳይን የመኸር ዶራዳ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ቶ የሚባል ከባሕር ጋር የተገናኘ ሐይቅ አለ። ዶራዳው ሞቃቱን ወራት እዚያ ሲበላ ይከርምና ይወፍራል። ብርዱ ሲጀምር፣ በመስከረምና ጥቅምት ገደማ፣ እንቁላሉን ለመጣል ሐይቁ አጠገብ ባለች ከተማ ቦዮች በኩል ወደ ባሕር ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው ዘንጉን ይዞ ቦዩ ዳር ይሰለፋል። ውድ ዋጋ ከከፈላችሁ አይቀር በዚያ ሰሞን ክፈሉ።

ቤሱጎን ግን ተዉት። የዶራዳ ዘመድ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ስፔኖች ለገና የሚወዱት። በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ ክፉኛ ተመናምኖ እስካሁን አላገገመም። እድገቱ ዘገምተኛ ነው። ብዙዎቹ ወንድ ሆነው ጀምረው ሲያድጉ ሴት ይሆናሉ። ስለዚህ ትልልቁን ያጠመደ እናቶቹን ነው የሚጨርሰው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከአዞረስ ደሴቶች በመንጠቆ የተያዘው ይሻላል፤ እሱም በኮታ ነው።

እንግሊዝ ላላችሁ ብላክ ብሪም የሚባለው ጥቁሩ የዶራዳ ዘመድ አለ። ወንዱ በጸደይ ባሕር ወለል ላይ ጎጆ ሠርቶ እንቁላሉን ይጠብቃል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባትገዙት ደስ ይለኛል።

ጽሑፉን እንዴት ታነቡታላችሁ? እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትኩስ ዓሣ የሚሸጥ ሁሉ እንዴትና የት እንደተገኘ መጻፍ አለበት። ጣሊያን ውስጥ ፔስካቶ የተጠመደ፣ አሌቫቶ የእርባታ ማለት ነው። ቁጥሩ የተያዘበትን የባሕር ክልል ያሳያል፤ 37 ሜዲትራኒያን ነው፣ 27 ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ። የተያዘበት መሣሪያም ይጻፋል። መንጠቆ የሚል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ ሰውነቱ ብዙም ሳይጎዳ ነው የሚወጣው።